አዳማ ሄዷል የተባልኩበት ቀን

መተሐራ ያለውን ቤቴን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ግንበኝነት ያስተማረኝ ሰው የለም። በሸንኮራ እርሻው ካምፕ ግንበኞች ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ ያዝኩት። መሐንዲስ ሳይነካው ሠላሳ ዓመት ቆሞ ነበር።

መሬቱ መንቀጥቀጥ በጀመረ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ሸራ ወጥሮ ማደር ያዘ። እኔ ግድግዳዬን ሸሽቼ ሸራ ሥር አልተኛም አልኩ። እየመጡ ሲጨቀጭቁኝ ጊዜ፣ "አዳማ ልጄ ጋ መሄዴ ነው" ብዬ የፊት በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፍኩና ሻንጣዬን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ። ከዚያ ዞሬ በጓሮ በር ገባሁ። ማንም አላየኝም። ለልጄም አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን ቁርሴን ስበላ መሬቱ ተነሣ። ወደ ጓሮ በር ሮጬ ደፉ ላይ ስደርስ ግድግዳው ወረደብኝ። ከበሩ በላይ በብረት አስሬ ያፈሰስኩት ኮንክሪት ግን በአንድ ጎኑ ተደግፎ ቀረ፤ ከሥሩ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ተረፈ። ሥራዬን ባላውቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ግራ እግሬን ግን ብሎኬት ይዞት ነበር።

ጮህኩ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶት ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ሰፈሩ አዳማ ነው ይለኛል፤ አዳማ ያለችው ልጄ መተሐራ ነው ትላለች። እኔን የሚፈልግ አንድ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ብዙ ነገር ብቻዬን ችያለሁ፤ ማንበብ እንኳ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ብቻዬን ነው የተማርኩት። እንደዚያ ቀን ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ከደረቴ ወደ ሆዴ ስትወርድ ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ ሸንኮራ ቆራጭ፤ ከሚስቱ ጋር።

"እሱ ታድሎ አዳማ ሻይ ይጠጣል" አለ።

"እንኳንም ሄዱ" አለች ሚስቱ።

"ይሄን ብሎኬት እዪው፣ በጣት ይፈረፈራል። ያን ሁሉ ጉራ ነፍቶ ሲሚንቶ ሰስቶበታል።"

ጉሮሮዬ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

"አልሰሰትኩም" አልኩ። "አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው ያቦካሁት።"

ኮቴው ወደ ቀዳዳዋ ተጠጋ።

"ያ ረቢ" አለ ጎረቤቴ። "አንተ፣ አዳማ አልሄድክም እንዴ?"

"አልሄድኩም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ቤቴ ነው።"

ሚስቱ ሰው ልትጠራ ሮጠች። ሰዎቹ እስኪያወጡኝ ድረስ እሱ ከቀዳዳዋ አልተነሣም። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ስንት ቁጥር ብረት እንዳሰርኩ ይጠይቀኛል፤ ስመልስለት ውሸታም ይለኛል፤ እንደገና አስረዳዋለሁ።

ሸራው ሥር ካስተኙኝ በኋላ ስልኩን አወጣ።

"ለልጅህ ልደውል?"

አታስደንግጣት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ደውልላት" አልኩ።

"ምን ልበላት?"

"አጠገቤ ነው በላት።"