ከሁምቦ ኮረብታ የሚደውለው ሰው

ብሩክታይት ሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያ የአድማጭ ስልክ መቀበል ከጀመረች አምና አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የደዋዩን ስም፣ አካባቢውንና የመረጠውን ዘፈን ጽፋ ለስቱዲዮ ታቀብል ነበር። የእሷ ድምፅ ግን አንድም ቀን አየር ላይ ውሎ አያውቅም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ሰው ስለሆነች ቤቷ ዘፈን አይከፈትም። የምትወደው ዘፈኑን ሳይሆን ደዋዮቹን ነበር።

ጣቢያው በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተለዋውጦ ነበር። ሲከፈት የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖችን ነበር የሚያጫውተው። ያኔ የሚደውሉት ጡረተኞችና ልብስ ሰፊዎች ምርጫቸውን ከመናገራቸው በፊት ስለ ጤናዋ ይጠይቋት ነበር። ቀጥሎ ባለቤቱ «ወጣቱን እንያዝ» አሉና ሁሉም ነገር አዲስ ዘፈን ሆነ። ጡረተኞቹ አኩርፈው ቀሩ፤ መስመሩን የባጃጅ ሹፌሮችና ተማሪዎች አጨናነቁት። ከዚያ ደግሞ የገጠሩ አድማጭ ታሰበና፣ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የወላይትኛ ዘፈን ቦታ አገኘ።

ባለፈው ዓመት፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ፣ አዲሱ የፕሮግራም ኃላፊ አቶ ጉልላት አስጠሯት።

«ብሩክታይት፣ እንደገና ልንለወጥ ነው። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ያለ ወሬ የሚፈስ የወጣት ሙዚቃ ነው የሚፈልጉት። የከሰዓቱ ፕሮግራም በቂ አድማጭ ካለው ግን አይነካም። እስቲ አንድ ወር ሙሉ ለእሱ ማን ማን እንደሚደውል መዝግቢልኝ።»

መዘገበች። ወሩ ሲያልቅ ከሰባ አንድ ጥሪዎች ሠላሳ ሰባቱ ከሁምቦ ወረዳ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ይለያያል፤ ለማ፣ አብርሃም፣ አስካለች፣ ኤልሳዕ ይላል። ድምፁ ግን የአንድ ሰው ነው። ሰውየው አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፤ ስልኩን ባነሣች ቁጥር «እህቴ፣ ዛሬም አንተ ነህ?» ይላታል። ከጀርባውም ነፋስ ይሰማል።

መዋሸት አልሆነላትም። «አቶ ጉልላት፣ የሁምቦዎቹ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ስም እየቀያየረ ነው የሚደውለው» አለቻቸው። ጉልላት ሳቁና ሠላሳ ሰባቱን ሰርዘው በቦታው «አንድ» ብለው ጻፉ። በማግሥቱ ፕሮግራሙ በቅርቡ እንደሚዘጋ በአየር ተነገረ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«እህቴ፣ አንተ ነህ? ይዘጋል የሚሉት እውነት ነው?»

ብሩክታይት ትዕግሥቷ አለቀ። ወደ ወላይትኛ አዞረችና «ያስዘጉት እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ! አንድ ሰው ሆነው በሠላሳ ሰው ስም ሲደውሉ ማን ያምናል?» አለችው።



«እኔ ባዳቾ እባላለሁ» አለ ሰውየው። «የኮረብታው ደን ጠባቂ ነኝ። ታች መንደሩ ኔትወርክ የለም። ጠዋት ወደ ላይ ስወጣ ሰው መንገድ ላይ ይጠብቀኝና ‹ይሄን አስመርጥልኝ› ይለኛል። አንቺ ‹ስም?› ስትዪኝ ዘፈኑን የፈለገውን ሰው ስም ነው የምነግርሽ። የእኔንማ መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ብሩክታይት የወሩን መዝገብ ወደ ራሷ ሳበች።

«ውሸት ከመሰለሽ ቅዳሜ ወደ ኮረብታው ነዪ» አላትና ዘጋው።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሁምቦ ወረዳ ከተማ ጠበላ ወረደች፤ ከዚያ ሞተር ይዛ ኮረብታው ሥር ደረሰች። ባዳቾ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ሰው ነበር። ውኃ መቅጃው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ወሰዳት። ቅርንጫፉ ላይ በሶላር የሚሠራ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። ሰዎች ከነጄሪካናቸው ተሰበሰቡ። ጋሪ ነጂው ለማ «የለም አላችሁኝ አሉ? ይኸው ቆሜ!» ሲል ሁሉም ሳቀ። አስካለች የተባሉት አሮጊት ግን አልሳቁም።

«ልጄ ራቅ ካለችው በዴሳ ከተማ ነው የተዳረችው» አሏት እጇን ይዘው። «ስሜ በሬዲዮ ሲጠራ ትሰማዋለች። በሕይወት መኖሬን የምታውቀው በዚያ ነው።»

ብሩክታይት ማስታወሻዋን አውጥታ ያገኘችውን ሰው ስም ሁሉ ጻፈች። ሁለቴ ያስመረጡም ስለነበሩ ሠላሳ አንድ ሰው ሆኑ። ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ስም ስትጽፍ ኖራ፣ አንድም ቀን የሰው ፊት አስባ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጉልላት ቢሮ ገባች።

«ተሳስቻለሁ። ደዋዩ አንድ ነው፤ አድማጮቹ ግን ሠላሳ አንድ ናቸው። ሄጄ አየኋቸው።»

«ሄድሽ? ሁምቦ ድረስ?» ጉልላት መነጽራቸውን አወለቁ። «ምነው ታዲያ ያን ጊዜ ጠይቀሽ ብትነግሪኝ? አሁንማ የአዲሱ ፕሮግራም ማስታወቂያ ተሸጧል።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እነሱ ግን ምን አጠፉ?»

ጉልላት ዝርዝሩን ተቀብለው አነበቡትና «እስቲ ባለቤቱን ላነጋግር» አሉ።

መልሱ የመጣው በአሥረኛው ቀን ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ የወጣቶቹ ሙዚቃ እንደታቀደው ይቀጥላል። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ግን የወላይትኛው ነው። የቀድሞው አቅራቢ ወደ ሌላ ጣቢያ ስለሄደ ጉልላት «ስሞቹን አንቺው አንብቢያቸው» አሏት። ብሩክታይት ሁለት ቀን አሰበችበት። ዘፈን ማወደስ እንደማይሆንላት፣ የሰው ስም ለመጥራት ግን ቅር እንደማይላት ነግራቸው ተስማሙ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የአንዱን ቀበሌ ለሌላው ሰጥታ ይቅርታ ጠየቀች። አስካለችን ስትጠራ «ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለዋል» የሚል ከራሷ ጨመረች፤ ማንም አልከለከላትም።

አሁን ወጣቶቹ ዘፈን የሚመርጡት በቴሌግራም ስለሆነ የጣቢያው የአድማጭ ስልክ ቀርቷል። እሷ በሥራ ቀናት እንግዳ መቀበያው ላይ ትሠራለች። ባዳቾ ዓርብ ዓርብ በሞባይሏ ይደውልና ዝርዝሩን ያስጽፋታል። ከአረካ ከተማ በኩልም ስም መላክ ተጀምሯል። አንድ ሰዓት ስለማይበቃም ዘፈኑ እየተቀነሰ ስም ይነበባል፤ አቶ ጉልላትም እስካሁን ምንም አላሉም።