የኔታ መሐሪ በስልክ የጠሩት ጉባኤ

የኔታ መሐሪ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቤት ስልካቸውን ሲያነሡ የለመዱት ድምፅ የለም። ዘጉትና እንደገና አነሡት። ገመዱን በጣታቸው እስከ ግድግዳው ድረስ ተከትለው ሶኬቱን ጫን አደረጉት። ስልኩ አሁንም ጭጭ።

«ንግሥቴ! ይኼ ስልክ ምን ነካው?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቴ ከጓሮ ገቡ። «የሌሊቱ ነፋስ የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ገንድሶ የስልክ እንጨቱ ላይ ጥሎታል። ሽቦው መንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ ሰዉ እየተራመደው ያልፋል።»

የኔታ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ጋቢያቸውንም ሳብ አድርገው ተከናነቡ። ወይዘሮ ንግሥቴም አጠገባቸው ተቀመጡ። እሑድ ያለ ስልክ ለባላቸው ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።

የኔታ መሐሪ የተወለዱት ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ከምታስኬድ መንደር፣ ከአዊ ቤተሰብ ነው። በአራት ዓመታቸው ኩፍኝ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወሰደባቸው። አባታቸው «እንግዲህ ለእርሻ አይሆን፣ ከብት አያግድ» ብለው ሲያዝኑ፣ እናታቸው ግን እጃቸውን ይዘው ከደብሩ የንባብ መምህር ዘንድ አደረሷቸው። ዳዊትን በቃላቸው ወጡት። ቤት ውስጥ አዊኛ፣ ደጅ አማርኛ፣ ከመምህሩ ፊት ግዕዝ፤ ሦስቱንም በጆሯቸው ብቻ ያዙ። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት በጎጃም ምድር ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው በዱላ ተመርተው ዞሩ። ቡሬ ተመልሰው የራሳቸውን ቅኔ ቤት ሲተክሉ ገና ሠላሳ አልሞላቸውም ነበር።

የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲያስብ ይውልና ወደ ማምሻው የቋጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይሰማል። የአንዱ ሲያምር ሌላው ይቀናል፤ የአንዱ ሲሰበር ሌላው ይስቃል። የኔታ ሠላሳ አራት ዓመት ያን ክብ ይዘው ኖሩ። በመጨረሻ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ወንበሩን ለተተኪ አስረክበው ቤታቸው ተቀመጡ።

ስልኩ የገባላቸው በዚያው ሰሞን ነው። ቁጥሩ በደቀ መዛሙርቱ መሀል እንደ ጸሎት ተጠና። እሑድ እሑድ ሦስቱ ሳይደውሉ አይቀሩም፤ ቸኮለ ከፈረስ ቤት፣ እሱ ቄስም ገበሬም ነው፤ ሰይፈ ከጢስ ዓባይ፣ እዚያ ፏፏቴውን ለእንግዳ ያስጎበኛል፤ ሃይለ ሚካኤል ደግሞ ከጅጋ፣ ልብስ ሰፊ ነው። በየተራ እየደወሉ የሳምንቱን ቅኔ ይነግራሉ፤ የኔታም ያርማሉ። ደስታው ግን ጎዶሎ ነበር። «ቅኔ ለአንድ ጆሮ ሲነገር፣» ይሉ ነበር የኔታ፣ «ሠርግ ተደግሶ ሙሽራው ብቻውን እንደ በላ ነው።»

ተንቀሳቃሽ ስልክ አልሞከሩም አይደለም። ሃይለ ሚካኤል አንዱን ገዝቶላቸው ነበር። በመዳፋቸው አገላብጠው ዳሰሱትና «ልጀ፣ ይኼ እንደ ሰሐን ልሙጥ ነው፤ የቱን ልንካ?» ብለው መለሱለት።

ሰኞ ጧት ወይዘሮ ንግሥቴ እጃቸውን ይዘው ቴሌ ቢሮ ወሰዷቸው። የተቀበለቻቸው ቤቴል የምትባል ቴክኒሽያን ናት። የስልኩንም የደቀ መዛሙርቱንም ነገር አዳመጠችና፣

«የኔታ፣ ያ የመዳብ ሽቦ ከእንግዲህ አይቀጠልም። በእርስዎ ሰፈር ፋይበር ገብቷል፤ ስልክዎን ወደ ኢንተርኔት እናዛውረዋለን፤» አለች።

የኔታ ደነገጡ። «ቁጥሬስ? ቁጥሬ ከጠፋ እኔም ጠፋሁ ማለት ነው።»

«ቁጥርዎ አይነካም፤ መንገዱ ብቻ ነው የሚለወጠው።»

«ያ ልሙጥ ስልክ ከሆነስ?»

ቤቴል ሳቀች። «ቁልፍ ያለው ነው የማመጣልዎ። እየዳሰሱ ይደውሉበታል።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከነመሰላሏ መጣች። የኔታ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስወጥተው ሥራውን በጆሯቸው ይከታተሉ ጀመር። መሰርሰሪያው ግድግዳውን ሲበሳ፣ ሚስማሩ ሲመታ፣ ቤቴል ከመሰላሉ ስትወርድ እያንዳንዱን ይጠይቃሉ፤ እሷም ሳትሰለች ትመልሳለች። ገመዱን ቤት አስገብታ ጫፉን ስትልጠው፣

«እስቲ ልንካው፤» አሉ።

«በጥንቃቄ ነው የኔታ፤ መስተዋት ነው፤ ይወጋል።»

በሁለት ጣታቸው ያዙት። ከፀጉር የማይወፍር ነገር ነው። «ድምፅ በዚህ ውስጥ ያልፋል?»

«ድምፁ ብርሃን ሆኖ ነው የሚያልፈው። እዚህ ይነሣና ፈረስ ቤት ሲደርስ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል።»

የኔታ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «እንዴት ነው ያልሽው? ቃሌ ብርሃን ይሆናል?»

«አዎ የኔታ።»

ጮክ ብለው ሳቁ፤ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «ሰማሽ ንግሥቴ? ብርሃን ስልሳ አምስት ዓመት ዓይኔ ዘንድ ሲመላለስ በሩ ተዘግቶበት፣ ዘንድሮ በአፌ በኩል መግቢያ አገኘ!»

ቤቴል ሞደሙን ሰክታ አዲሱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የኔታ ዳሰሱት። ቁልፎቹ በየቦታቸው ናቸው፤ አምስት ቁጥር ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። ከቁጥሮቹ በስተቀኝ ግን የማያውቋቸው ቁልፎች ተደርድረዋል።

«ይቺስ?»

«እሷ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ታሰማለች።»

«ይቺኛዋ?»

«እሷ ኮንፈረንስ ናት።»

«ምን ማለት ነው?»

ቤቴል ቃል ፈለገች። «ብዙ ሰው ከየቦታው አንድ ላይ... ማለት፣ አንዱ ሲናገር ሁሉም የሚሰማበት፣ ሁሉም እርስ በርስ...»

የኔታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጉባኤ! ልጀ፣ ጉባኤ ነው እኮ የምትይው!»

«እ... አዎ። ጉባኤ ነው።»

«ስንት ሰው?»

«እስከ አምስት።»

«አሁኑኑ ጥሪልኝ!» ወይዘሮ ንግሥቴ «ረጋ በሉ እንጂ» ቢሉም እሳቸው ግን መቀመጥ አልቻሉም።

መጀመሪያ ቸኮለ ተጠራ፤ ማሳው ላይ ነበር። ቀጥሎ ሰይፈ፤ ከኋላው ፏፏቴው ይጮኻል። በመጨረሻ ሃይለ ሚካኤል፤ የስፌት መኪናው ኳኳታ ይሰማል። ቤቴል ቁልፏን ተጫነቻት።

«ልጆቼ፣» አሉ የኔታ፣ «ማን ማን እንዳላችሁ ተናገሩ።»

«ቸኮለ ነኝ የኔታ።»

«እንዴ! ቸኮለ? አንተ ነህ?» አለ ሌላ ድምፅ። «ሰይፈ ነኝ እኮ! ያ ኩራዝህን የሰበርኩብህ!»

«ሰይፈ? ድምፅህን ልሰማ በቃሁ?»

«ኧረ እኔም አለሁ!» ብሎ ጮኸ ሃይለ ሚካኤል። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

ሦስቱ ሠላሳ ዓመት የአንዱን ድምፅ አንዱ ሰምቶት አያውቅም። የየሳምንቱን ወሬ ከየኔታ አፍ ነበር የሚሰሙት። አሁን እንደ ተማሪ ልጅ ይንጫጩ ጀመር፤ ማን ምን እንዳለ አይለይም። የኔታ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በዚያ ጫጫታ መሀል ቀና ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ንግሥቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ልክ በዚያች ሰዓት መብራት ጠፋ። ስልኩ እልም አለ።

«ምነው? ምነው ዝም አሉ?»

ቤቴል አንገቷን ደፋች። «ይኼን አስቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። የዱሮው ስልክ መብራት ባይኖርም ይሠራል፤ ይኼኛው ግን መብራት ይፈልጋል።»

የኔታ ቅር አላቸው። ወይዘሮ ንግሥቴ ግን ጓዳ ገብተው ከባድ ነገር እየጎተቱ ወጡ። «ለአምፖል የገዛነው የሶላር ባትሪ አለ። ይኼ አይሆንም?»

ቤቴል ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። «አሥራ ሁለት ቮልት! ይሆናል እንጂ እማማ!» ሽቦ ቆርጣ አገናኘች። ሞደሙ ተነሣ፤ ስልኩም ነቃ። እንደገና ሲደውሉ ቸኮለ፣ «የኔታ፣ ትተውን የሄዱ መስሎን ደንግጠን ነበር፤» አለ።

ቤቴል ከመሄዷ በፊት የጉባኤዋ ቁልፍ ከሌሎቹ እንድትለይ አንዲት የስንዴ ፍሬ ለምና በሙጫ ለጠፈችባት። የኔታ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷትና መረቋት፤ «የለጠፍሽው እንዳይላቀቅ፣ የቀጠልሽው እንዳይበጠስ» አሏት።

እሑድ ደረሰ። የኔታ ለበዓል የሚያወጡትን ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ስልኩ ፊት ተቀመጡ። ሦስቱም ገቡ። የኔታ ስለ ብርሃኑና ስለ ተዘጋው በር ያሉትን በግዕዝ አሳምረው ጉባኤውን ከፈቱ። ከሦስት አገር «ይበል! ይበል!» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቸኮለ ተናገረ፤ ሰይፈ አረመው። ሰይፈ ተናገረ፤ ሃይለ ሚካኤል «ቤቱ አልመታም» አለው። ተከራከሩ። የኔታ ሳያቋርጡ አዳመጡ፤ ሲፈርዱም እንደ ቀድሞው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

ወደ መጨረሻው ፈተና አወጡ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ የመጀመሪያዋን እሳቸው ሊሰጡ፣ ሁለተኛዋን ከሦስቱ አንዱ ሊሞላ። በግዕዝ ተናገሩ፤ ትርጓሜው «ንግሥተ ሳባ ስንት ምድር ተጉዛ የሰሎሞንን ጥበብ ሰማች» የሚል ነው።

ከጢስ ዓባይ የውሃው ድምፅ ብቻ ይመጣል። ሰይፈ ጀመረና ተወ።

ያኔ ያልታወቀ ድምፅ ገባ። የሴት ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ግን ግዕዙ የጠራ፤ ትርጓሜውም፦ «እኔ ግን ከደጄ ሳልወጣ ሰማሁ፤ ሰሎሞን ራሱ ቤቴ መጥቶ።»



«የኔታ ይቅር ይበሉኝ፣» አለ ቸኮለ እየተርበተበተ። «ልጄ ተናኜ ናት። ስልኩን ለሁሉ እንዲሰማ አድርጌው ነበርና እኔ ጋ ቁጭ ብላ... ሳታስበው ነው የተናገረችው።»

«አንተ ዝም በል ቸኮለ!» አሉ የኔታ። መቋሚያቸው ወድቋል፤ አላነሡትም። «ልጀ ተናኜ፣ እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። አሁን ድምፅዋ ጠንከር ብሏል። ቤቱ መታ፤ ልኩም አልጎደለም። ሰምና ወርቁ እርስ በርስ ገጠመ።

«ይበል!» ብለው ጮኹ የኔታ። «ይበል! ይበል! ከማን ተማርሽው?»

ተናኜ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በፈረስ ቤት ታስተምራለች። «ከአባቴ ነው የኔታ፤ እሱ ግን አላስተማረኝም። እሑድ እሑድ ለእርስዎ የሚነግረውን ቅዳሜ ለብቻው ሲደጋግም እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የእርስዎን መልስ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ስልኩ ለእሱ ጆሮ ብቻ ነበር። ዛሬ ነው የሰማሁት።»

«የኔታ፣» አለ ሃይለ ሚካኤል ከጅጋ፣ «ሦስት ሽማግሌ በአንዲት ልጅ ተሸነፍን!»

«ተሸነፍን አትበል፤ ጉባኤው ሰው አገኘ በል።»

የኔታ ያን ቀን ምሳ አልበላም አሉ። ወይዘሮ ንግሥቴ ሦስት ጊዜ ቢጠሯቸው «ቆይ አንዴ» እያሉ በጠባቧ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፤ የልጅቷንም ቅኔ ለራሳቸው ይደጋግማሉ። ቅኔ ቤታቸው ውስጥ ሴት ተማሪ ኖራቸው አያውቅም። ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ሴት ልጅ እንደ ወንድ ተማሪ ጎጆ ቀልሳ፣ አኩፋዳ አንግታ፣ ከአገር አገር እንድትዞር የፈቀደ ወላጅ ስላልነበረ ነው። አሁን ግን ጎጆም አኩፋዳም አያስፈልጋትም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ራሳቸው ደወሉላት። ማክሰኞና ሐሙስ የግዕዝ ግስ ያስገስሷታል፤ እሑድ ከጉባኤው ጋር ቅኔዋን ትነግራለች። በስድስት ሳምንት ውስጥ ጉባኤ ቃናን አልፋ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየን ጀመረች። አንድ ጊዜ ደጋግማ ስትሰብርባቸው ተቆጧት፤ አኩርፋ ስልኩን ዘጋችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አስተካክላ ደወለች። የኔታ ለንግሥቴ «አሁን ነው ተማሪ የሆነችው፤» አሉ።

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ደግሞ ተናኜ ሳትሆን ቸኮለ ደወለ።

«የኔታ፣ አቤቱታ አለኝ።»

«ተናገር።»

«ይቺ ልጅ እኔን ማረም ጀምራለች። ትናንት ቅኔዬን ስለማመድ ከጓዳ ሆና 'አባባ፣ ይኼ ወርቅ ሰሙን አልለበሰም' አትለኝም?»

«ለብሶ ነበር?»

«አልለበሰም ነበር።»

«እንግዲያውስ ስልኩን ስጣትና አንተ በሬህን ፍታ፤» አሉት የኔታ፤ ወንበራቸውንም ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።