ሴት ጥሎ አይፎከርም

ሰሞኑን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ከልጅነታችን ጌም ቤት የቀረ አሮጌ ጆይስቲክ እጄ ገባ። የቁልፎቹ ምልክት ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል። ጠረኑ ግን ዛሬም አልለቀቀውም፤ የሞቀ ፕላስቲክና የብዙ ልጅ ላብ።

ያኔ ጣና ዳር ባለችው ከተማ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነበር የምንኖረው። ከቤታችን ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ እየገባች ቴሌቪዥኑን ታዥጎረጉረው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያስከትለኛል፤ እኔም ግድግዳ ተደግፌ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከእኔ ሌላ ሴት አልነበረችም።

ቤቱ ወግ ነበረው። በጌሙ ትልቅ ጠላት የጣለ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ይፎክራል። ጋሼ የምንላቸው ባለቤቱ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ።

ከምንመርጣቸው ተዋጊዎች ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች። ወንዶቹ ከአንገት እስከ እግር ብረት ሲለብሱ እሷ እምብርቷን ሳትሸፍን ትዘምታለች።

"ይህችን ብርድ ይገድላታል እንጂ ጦር አይደርስባትም!" ይላል ረጅሙ ልጅ። "ለሴቷ ስጧት!"

እኔም እሷን ይዤ እገባለሁ። ጠላቶቹ ወታደሩም ሽፍታውም ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የመጨረሻው ፊቱን በጥቁር የራስ ቁር የሸፈነ ብረት ለባሽ ነው፤ ማንም ጥሎት አያውቅም። ልጆቹ ሲያወሩለት እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እኔ ግን የምጥልበትን ቀን እያሰብሁ፣ ልብስ ሳጥብ ፉከራዬን በሆዴ እለማመድ ነበር፦ ዘራፍ፣ ያለ ብረት ልብስ ብረት ለባሹን ጣይ!

አንድ ቀን ጣልሁት።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወንበሩ ላይ አንድ እግሬን አስቀድሜ ሳለሁ ግን፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የወደቀው ጠላት ቁር ተንከባለለ። ረጅም ፀጉር መሬት ላይ ተዘረጋ። ሴት ነበረች።

"በሴት ነው እንዴ ስንደበደብ የከረምነው?" አለ አንዱ። ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

"ጋሼ፣ ይፍረዱ!" አለ ረጅሙ ልጅ። "ይህ ይቆጠራል?"

ጋሼ አገጫቸውን አሻሹ። "አይቆጠርም። ሴት ጥሎ አይፎከርም፤ ነውር ነው። ውረጂ የኔ ልጅ።"

የጣለቻትስ ሴት አይደለችም ወይ? እሷ ሁላችሁን ስታሸንፍስ ማን ነውር አለ? ይህን ሁሉ ልናገር ፈልጌ ነበር። እግሬን ከወንበሩ አወረድሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ያችን ጠላት መፍራት ተዉ፤ በመልኳ ላይ ይቀልዱባት ጀመር። ተሸንፈውም ይቀልዱባት ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ወንድሜ መንገድ ቀይሮ ወደ ጣና ዳር ወሰደኝ። ውኃው ደፍርሶ የረጠበ ደንገል ይሸታል።

"በይ፣ እዚህ ፎክሪ። ማንም የለም።"

"ማንም ከሌለማ ምን ያደርጋል?" አልሁት። ያለቀስሁት ያኔ ነው።

ግራ ተጋባ። ከዚያ ደብተሩን መሬት ላይ ጥሎ ድንጋይ ላይ ወጣና በእኔ ፈንታ ፎከረ። "ዘራፍ! ዘራፍ የብረት ለባሽ ጣይ!" እያለ ጮኸ። ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰውዬ ዞሮ "ጎሽ! አንተ ወንድ!" አለው። ወንድሜ ሳቀ። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ።

ጆይስቲኩን ያገኘሁ ዕለት ደወልሁለት። አሁን ሌላ ከተማ ነው፤ ልጆች ወልዷል።

"ያ ጆይስቲክ ተገኘ" አልሁት።

"ያን ብረት ለባሽ የጣልሁበት?" ሳቁ እንደ ድሮው ነው። "ጣና ዳር እንዴት እንደ ፎከርሁ ትዝ ይልሻል? ባለታንኳው እንኳ አጨብጭቦልኝ!"

ባለታንኳው አላጨበጨበም። በወንድሜ ትዝታ ውስጥ ቁሩ አልወደቀም፤ ፀጉሩም አልተዘረጋም። እኔም እዚያ ያለሁት ለመስማት ብቻ ነው።

"እኔ ነኝ የጣልኋት" አልሁ።

"ምን አልሽ? ልጆቹ እየጮኹ ነው፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እስኪ።"

ልሙጡን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጫንሁት።

"ልጆቹን ሳምልኝ" አልሁት።