ጋሽ እንድርያስ የክርስትና ልጅ ካገኙ ወዲህ

ብዙ ጽፌ ስለማላውቅ ነገሩን እንደሆነው ብቻ አስቀምጠዋለሁ።

ጋሽ እንድርያስ ጌጃ ሰፈር፣ እኛ ጫማ የምንሰራበት ቤት ኃላፊ ናቸው። ቆዳ ሲመጣ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። አጥፈው ያዩታል፤ ከተሰነጠቀ ይመልሱታል። ሲመልሱም አይቆጡም፣ ዝም ብለው ነው። ልጅ የላቸውም። እሳቸው አያወሩትም እንጂ ሰፈሩ ያወራዋል።

ቆዳ ከሚያመጡልን ነጋዴዎች አንዱ በሱፍቃድ ነው። ከጋሽ እንድርያስ ጋር አንተ ነው የሚባባሉት። ወንድ ልጅ ሲወለድለት «ክርስትና አንሳልኝ» አላቸው። ልደታ ማርያም አነሱለት። ያን ሰሞን ብቻቸውን ፈገግ ሲሉ አይተናል።

ከዚያ በሱፍቃድ ቆዳ አመጣ። ጋሽ እንድርያስ አጠፉት፤ ተሰነጠቀ። ሁላችንም አየን።

«አበልጄ፣ ምነው እንደ ባዳ ታገላብጠዋለህ?» አለ በሱፍቃድ እየሳቀ። «ልጅህ የላከልህ ነው በለው!»

«አስገቡት» አሉ ጋሽ እንድርያስ። አስገባን።

ከዚያ ቆዳ የሰራነው ጫማ ተሸጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ገዢዎቹ ፊቱ ተሰነጣጥቆ ይዘውት መጡ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ኮከቤ ሰውን ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቁ ጋሽ እንድርያስ ጥግ ቆመው ይሰማሉ። ያፈሩ መሰለኝ።

ሌላ ቆዳ ሊመጣ ሲል ጋሽ እንድርያስ እትዬ ኮከቤ ዘንድ ሄዱ።

«የበሱፍቃድን ቆዳ ሌላ ሰው ይይልኝ።»

«ምነው፣ ዓይንዎን አመመዎት?»

«ዓይኔስ ያያል። አበልጄ ነው፣ አፌ እምቢ አይለውም።»

«ታዲያ ማን ይየው?»

«አብዱልመናን።»

አብዱልመናን አጠገቤ ማስቲሽ ይቀባል። «እሺ፣ እኔን መቼም አበልጅ አያደርገኝ!» አለ። ሳቅን።

በሱፍቃድ መጣ። አብዱልመናን አጠፈው፤ ያም ተሰነጠቀ። «ወንድሜ፣ ይኼን መልሰው» አለው።

በሱፍቃድ ግን ወደ ጋሽ እንድርያስ ዞረ። «አንተ ነህ ይኼን ያቆምክብኝ! አበልጅ ብዬ!»

«እኔ ነኝ» አሉ።

«እንግዲያው ልጄ ጋ እንዳትደርስ!» ቆዳውን አሸክሞ ወጣ።

አብዱልመናን ደነገጠ። «ኧረ ጋሼ፣ ማስገባት ነበረብኝ እንዴ?»

«የለም፣ ደግ አደረግህ» አሉት። የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ፋሲካ ሲደርስ ለልጁ ልብስ ገዝተው በሱፍቃድ ቤት ሄዱ። ከበዓሉ በኋላ ስራ ስንገባ አብዱልመናን አላስችለው ብሎ ጠየቃቸው።

«አስገቡዎት?»

«እናቲቱ አስገባችኝ። ልጁንም አቀፍኩት፣ ከብዷል።»

«በሱፍቃድስ?»

«የለም አለችኝ። ኋላ ጓዳ ውስጥ ሲያስነጥስ ሰማሁት።»

«እና ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ፣ ይማርህ አልኩት።»

«ዝም አለ?»

«ኧረ፣ ያኑርህ አለኝ።»