ድንጉላውና እንቦሳው

ፈረስና ጥጃ በአንድ ጋጥ እንደማይታሰሩ አበዛሽ ከአባቷ ቤት ጀምሮ ታውቃለች። ድንጉላ ሲሆንማ ጭራሽ አይታመንም። ላሟ ቦራ በወለደች ማግስት ግን መላ አጣች። ታጣቂዎች ለዘመቻው ስንቅ የሚጭን ፈረስና በቅሎ እየሰበሰቡ ከመካነ ሰላም ወደ ገጠሩ ወጥተዋል የሚል ወሬ በጠዋት መንደሩን አመሰው።

ዳማው ፈረስ የባሏ የቢተው ነው። ቢተው ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ የፈረሱን አንገት አቅፎ «ዳማን አደራ» ብሏት ነበር፤ ስለራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። በሌላ በኩል የአበዛሽ ጡት ደርቋል። ሕፃኗ ሐረግ የምትጠብቀው የቦራን ወተት ነው፤ ቦራ ደግሞ ጥጃዋ ከሞተ ወተቷን ትነፍጋለች።

ፈረሱን እንዳያዩባት ከደጅ ፈትታ ጥጃው ወዳለበት ቤት አስገባችው። በእሱና በጥጃው መካከል ሁለት አግዳሚ እንጨት ጋረደች። አማቷ እማማ አልታየች እንጨቱን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የላዩን ቢያግድ የታቹን ምን ሊያግደው ነው?»

«እስኪያልፉ ነው እማማ፣ አብሽሩ።»

ታጣቂዎቹ ጎረቤት ግቢ ደርሰው ውሻ ሲጮህባቸው ቦራ ከደጅ እምቧ አለች። እንቦሳው የእናቱን ድምፅ ሲሰማ በእንጨቱ ሥር ሾለከ። እናቱን ያገኘ መስሎት የፈረሱን ጉያ በአፍንጫው ጎሸም አደረገ።

ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣበቀ። የመጀመሪያው ርግጫ ግድግዳውን አግኝቶ ጭቃውን አረገፈው። ሁለተኛው የጥጃውን ጎን አገኘ። ጥጃው እዚያው፣ ከፈረሱ የኋላ እግሮች ሥር ተዘረጋ።

«ተይው! ይገድልሻል!» ብለው ጮኹ እማማ አልታየች።

አበዛሽ በትከሻው በኩል ተጠጋችው። «ዳማ፣ ዳማዬ» እያለች እጇን ካንገቱ ሳታነሳ ነጠላዋን በዓይኑ ላይ ጣል አደረገች። ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ጥጃውን ልጎትት ብላ ብታጎነብስ ግንባሯ ከኮቴው ፊት ነው። አማቷም ጉልበት የላቸውም። ያለው ብልሃት ፈረሱን ወደ ፊት መምራት ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ደግሞ በሩ ነው። ከበሩ ውጭ የሰዎች ድምፅ ይሰማል።

ጥጃው አቃሰተ። አበዛሽ በሩን ከፈተች።

የታጣቂዎቹ መሪ ቸኮል ግቢው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። «ፈረስ ደብቃችሁ ኖሯል?»

«ደብቀን ነበር። አሁን ይኸው። እባክዎ ይያዙልኝ፣ ጥጃዬ እየሞተ ነው!»

ቸኮል ሳያስበው ገመዱን ተቀበላት። እሷ ተመልሳ ገባችና እንቦሳውን አቅፋ ቦራ እግር ሥር አስቀመጠችው። ላሚቱ ላሰችው፣ ደጋግማ ላሰችው። አንድ ጎድኑ ገባ ብሏል። ቀስ ብሎ ግን በጉልበቱ ተነሣ፤ ጡቱንም ያዘ። አበዛሽ ቀና ስትል ታጣቂዎቹም ዳማም ከግቢው ወጥተዋል። የኮቴው ድምፅ ከቁልቁለቱ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው።

በዚያው ሰሞን ከቤቱ ጎን ደረቷ ድረስ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ካበች፤ ለፈረስ ብቻ፣ በሩም ለብቻው። ጎረቤቶቿ «ለየትኛው ፈረስ ነው?» እያሉ አዘኑላት።

አጨዳ ሲደርስ ታጣቂዎቹ ዳማን መለሱላት። ጎድኑ ይቆጠራል፤ ጀርባው በገጣባ ተልጧል። አዲሱ ጋጥ ውስጥ አስገብታ ቁስሉን በጨው ውኃ ስታጥበው ዞሮ ትከሻዋን ነከሳት።

«ልክ ነህ» አለችው፤ ማጠቧንም አላቋረጠች።