የጥቁር ውሃው ታንከር

ቅዳሜ፣ ንጋት

አውቶብስ ተራ ገና ዓይኑን በደንብ አልገለጠም። ረዳቱ ግን "አዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮሃል። ገብቼ ስቆጥር አስራ ሰባት ወንበር ባዶ ነው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት እነግዳለሁና ውሸት ስሰማ ዋጋውን ወዲያው እገምታለሁ። ይሄኛው ርካሽ ነው፣ አለፍኩት።

የምሄደው ለአንድ ታንከር ነው። አዋሳ መግቢያ ላይ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ። ማሽኑ ተነቃቅሎ አልቆ ቤት የሚያህል የብረት ታንከር ብቻ ቀርቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር "መጥተህ እየው፣ ካማረህ ግዛው" ብሎ ላከብኝ።

ሞጆ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። "ሥራ?" አለኝ ፈታሹ። "ነጋዴ።" በሽታዬን የነገርኩት ይመስል በሐዘን አየኝ። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሸጡልኝ፤ ዜናውን ከነዘይቱ አነበብኩት። ሻሸመኔ ድንች በጆንያ፣ ጎመን በጭነት፣ አቧራ በነፃ።

"ጋሼ፣ ለአንድ ታንከር ይህን ሁሉ መንገድ?" አለኝ ሾፌሩ።

"አንተስ በየቀኑ የምትመላለሰው ለምንድነው?"

"ለደሞዝ ነዋ!"

"የኔ ደሞዝ ደግሞ ዝገት ነው።"

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ከዓመታት በፊት በዚህ ሳልፍ ወንዙ ሰጋቱራ ለብሶ ነበር፤ ሸለቆው የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አሁን ስወርድ ቦታ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ግንድ ይከመርበት የነበረው ሜዳ በሣር ዳስ ተሸፍኗል፤ ከዳሱ ሥር ግራቪሊያ፣ ዋንዛ፣ ፓፓያ፣ ሁሉም በአሮጌ ጣሳ ተተክሎ ተሰልፏል። ያ የሰጋቱራ ክምር ከከብት እበት ጋር ተዋህዶ ጥቁር አፈር ሆኗል። ሴቶች ወንዙ ዳር ልብስ ያጥባሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጡረታ እንደወጡ ዳኞች ቆመው ይመለከታሉ።

ይህን ያደረጉት የመሰንጠቂያው የድሮ ሠራተኞች ናቸው። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር ራሷ እዚያ ጣውላ ስትደረድር የኖረች ናት። ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ ችግኞቿን በየተራ አስተዋወቀችኝ።

ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ታንከሩን ዞርኩት፣ በእግሬ መታሁት፣ በድንጋይ አንኳኳሁት። እንደ ደወል ጮኸ። እኔ ግን መራራ እንደቀመሰ ሰው ፊቴን አጨማደድኩ። ሳይገዛ ዕቃ የሚያሞግስ ነጋዴ ምናለሽ ተራ ገና አልተወለደም።

"በዝገት ተበልቷል እንዴ?" አለች አስቴር ደንግጣ።

"እህ..." አልኩ። በኛ ሠፈር "እህ" ምንም ማለት አይደለም። እሷ ግን አመነችው፤ ጉቶ ላይ ቁጭ አለች።

"ዳገቱ ላይ አውጥተን የክረምት ውሃ ልናጠራቅምበት ነበር። አምና በጋ በባልዲ ስንመላለስ ግማሹ ችግኝ ደረቀብን። ዘንድሮም ከደረቀ ቦታው ለመጋዘን ይሰጣል ተብለናል፣ ጋሼ።"

ፊቴን ሳልፈታ ታንከሩን ደግሜ ዞርኩት። ይሄም የሥራዬ አካል ነው።

እሑድ ጠዋት

የቀበሌ ስብሰባ፣ ችግኝ ጣቢያው ዳር ባለው ዋርካ ሥር። መፈክሩ ካለቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ተነሳ። "ጓዶች! ባለሙያው ታንከሩን አይቶ ፊቱን አጥቁሯል። ስለዚህ ሸጠን ለጽሕፈት ቤታችን አጥር እንሥራበት!" ጭብጨባው ሲጀመር ጭነት መኪና የት እንደማገኝ አስብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱ። ጋሽ ዳንጊሶ ይባላሉ፣ የመሰንጠቂያው የድሮ መጋዝ ሠራተኛ ናቸው። "አፊኒ?" አሉ። በሲዳምኛ "ሰማችሁ?" እንደማለት ነው። ከተጠየቀ በኋላ የተቀመጠ ሁሉ በየተራው ሐሳቡን ካልሰጠ ነገር አይቆረጥም። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ፤ ሽማግሌው ግን ሰዓት የላቸውም። አንዱ ተናገረ፣ አንዷ ቀጠለች፣ ፀሐይዋ ዋርካውን ዞረች። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ።

"እንግዳውስ? አፊኒ?"

"እኔ ገዢ ነኝ ጋሽ ዳንጊሶ፣ እኔን ይተዉኝ።"

"እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ይጠየቃል። የተጠየቀ ደግሞ አይዋሽም። ታንከሩ ተበልቷል ወይስ አልተበላም?"

አስቴር ወደ እኔ አላየችም። ወደ ችግኞቹ ነበር የምታየው።

"አልተበላም" አልኩ። "ሁላችንንም ቀብሮ የሚቀር ብረት ነው።"

"ታዲያ ትናንት ፊትህ ምን ሆኖ ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱ የሥራ ልብሴ ነው።"

ሳቁ አባ ኮዳዎቹን አስነሳ። አጥሩ ቀረ፣ ታንከሩ ለችግኝ ጣቢያው ተወሰነ።

እሑድ ከሰዓት

ከባድ ብረት ማንቀሳቀስ የሚያውቅ ከኔ በቀር ሰው ስላልነበረ የማልገዛውን ዕቃ አጓጓዥ ሆንኩ። ግንድ አነጠፍን፣ ገመድ አሰርን፣ ሸለቆው በሙሉ ሳበ። ዳገቱ ላይ ሲቆም በባልዲ ቅብብሎሽ ተሞላ። ሁሉም ከሥሩ ተንበርክኮ ጠብታ ፈለገ፤ አብዝቼ የፈለግሁት እኔ ነኝ። ቢያፈስ ያቺ አንዲት እውነቴም ውሸት ልትሆን ነው።

ጠብ አላለም። አስቴር የታንከሩን ቧንቧ ከፈተች፤ ውሃው በቦይ ወርዶ ጣሳዎቹ መካከል ገባ።

"ጋሼ" አለችኝ እጇን እየጠረገች፣ "ዛሬ ፊትዎ አምሯል።"

ሰኞ፣ መርካቶ

ሸሪኬ ከድር ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ታንከሩስ?"

"ቀረ።"

"ሌላ ገዢ ቀደመህ?"

"ማንም አልቀደመኝም። ጥሩ ነው ብዬ ነገርኳቸው።"

ከድር ጠጋ ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን ግንባሬ ላይ ጫነ።

"ወባ ነው" አለ፤ "ግባ፣ ተኛ።"