አቶ ተረከዝ

በኤል ፖርቬኒር ሰፈር የሴት ጫማ በመስፋት ኒካኖር ሲፉዌንቴስን የሚያህል አልነበረም፤ ይህን የሚጠሉትም አይክዱትም። ከወስፌና ከማስቲሽ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ትሩሂዮ ከተማ ውስጥ እሱ የሰፋውን ጫማ አድርጋ እግሬን ቆረጠኝ ያለች ሴት የለችም። ሰፈሩ ግን ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ አቶ ተረከዝ።

ስሙ የመጣው ከዮላንዳ ነው፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ካጫት ልጅ። አንዱ ወንድ በዓይን ይማረካል፣ አንዱ በወገብ፤ የኒካኖር ልብ የሚደነግጠው ግን የሴት እግር ሲያይ ነው። በዚህ ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ ለዮላንዳ አለመንገሩ ነበር። ልለካሽ፣ ላጥብቅልሽ፣ ጠበበሽ እንዴ እያለ በየሰበቡ እግሯን ይይዛል። አንድ ቀን ነገሩ ገባትና ጉዱን ለሰፈር ዘርግፋው ሄደች። ሰፈሩ የሳቀው እግር በመውደዱ ነው። እሱ ግን ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ ያፈረው በሌላ ነገር ነበር፤ እሷ ያልሰጠችውን በሰበብ ሲወስድ በመኖሩ። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ እግር ነክቶ አያውቅም። ወረቀትና እርሳስ ይሰጥና፣ ራሳቸው ዙሪያውን እስኪያሰምሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ኖረ፣ ብቻውን።

ዶሚቲላ የመጣችው የማሪኔራ ጭፈራ ውድድር ሁለት ወር ሲቀረው ነው። የጭፈራው አስተማሪ ናት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ለመጨረሻ ጊዜ ልትወዳደር ተመዝግባለች። ማሪኔራ ላይ ወንዱ ጫማ ያደርጋል፣ ሴቷ በባዶ እግሯ ናት። ኒካኖር በጨረፍታ እንዳየው ውስጥ እግሯ የደነደነና አስፋልት ያጠቆረው ነው። እርሳሱን ሲዘረጋላት ገረማት።

«አይለኩኝም እንዴ ጌታው?»

«ራስዎ ቢያሰምሩት ይሻላል።»

«ሌሎቹ ጫማ ሰፊዎችማ ገበያ እንደወጣ ዶሮ ነው እግሬን የሚጨብጡት» ብላ ሳቀች። ኒካኖርን የጣለው ያ ሳቅ ነው።

ሰኞ ሰኞ ሻምባር እየበሉ መገናኘት ጀመሩ፤ በዚያ ከተማ ሰኞ ያለዚያ ወፍራም ሾርባ አይታሰብም። በአራተኛው ሰኞ ኒካኖር ቆርጦ ተነሣ። ቢያጣት ይሻላል እንጂ እንደ ዮላንዳ ሊያታልላት አልፈለገም። እግር እንደሚወድ፣ የሚወደውም እንደ ጫማ ሰፊ ሳይሆን እንደ ወንድ መሆኑን፣ ሳይነግራት አጠገቧ መቀመጥ እንደከበደው ነገራት። እስከዚህ ድረስ አበጀህ ያሰኛል። ዶሚቲላ ማንኪያዋን አስቀምጣ ዝም አለች፤ የተቆጣች አትመስልም፣ ታስባለች። ዝምታው ግን አስጨነቀውና ከአፉ ቃል አመለጠው።

«ብቻ ፍቀጂልኝ እንጂ ይሄን ደረቅ ቆዳ ፍቄ በአንድ ወር እንደ ሐር አደርግልሻለሁ» አላት።

ጅል! ይህች ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ በቀትር ፀሐይ አስፋልት ላይ በባዶ እግሯ የሄደችው ለዚያ ቆዳ ነው። ዘፋኝን ድምፅሽን ላጥፋልሽ ማለት ነው እኮ። ዶሚቲላ ቦርሳዋን አነሣች።

«የምትወደው እግር የማን እንደሆነ እንጃ» አለችው። «የእኔ ግን አይደለም።»

ሾርባዋን ትታ ሄደች። ኒካኖር ሌሊቱን አልተኛም። እውነቷን ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት በሐሳቡ ሲያለሰልሰው የኖረውን እግር ነው እንጂ የእሷን ከነታሪኩ አላየውም።

በማግስቱ በቀትር የምትለማመድበት ጎዳና ጥግ ቆሞ ጠበቃት፤ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«አብሬሽ ልሂድ? እምቢ ካልሽ እመለሳለሁ።»

«መምጣት ከፈለግክ ና» አለችና ቀደመችው።

ጫማ ሰፊ በባዶ እግሩ! ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጣ። የአጎቱ ልጅ ዊልመር ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ፣ «አቶ ተረከዝ፣ ቆዳ አለቀብህ እንዴ?» አለው። አስፋልቱ ይጋግራል። ሁለተኛው መንገድ ላይ ውስጥ እግሩ ውኃ ቋጠረ፤ ሦስተኛው ላይ አልቻለም፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ዶሚቲላ ዞር ብላ አየችው፣ ተመለሰች፣ የመጠጥ ውኃዋን እግሩ ላይ አፈሰሰችለት። ከዚያ ሳቀች።

«ገባህ?»

«ገባኝ። የማስተካክለው ነገር የለውም። ቆንጆ ነው።»

«ከእግሬ በላይስ ሰው እንዳለ ታውቃለህ?» አለችው። አሁን አልሳቀችም።

«እኔ የጀመርኩት እኮ ከሳቅሽ ነው።»

እዚያው ተቀምጠው ተነጋገሩ። ሁልጊዜ አስቀድሞ እንዲጠይቅ፣ እምቢ ስትለው እንዳያኮርፍ፣ የውስጥ እግሯን ቆዳ እንዳይነካ፣ በምትጨፍርበት ቀን ደግሞ እግሯ ለሥራዋ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። እሱ የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ ካልተመቻት ለእሱ ብላ ችላ እንዳትቀመጥ። በዚህ ተስማሙ።

ቃሉን ጠበቀ። ዛሬ ደክሞኛል ስትለው ማንጎ ይልጥላትና ሲያወሩ ያመሻሉ፤ ፊቱ አይጠቁርም። እሺ ስትለው ደግሞ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ ውስጥ እግሯን ሳይነካ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጣቶቿ በዘይት ያሻታል። እንደምትወደው ለራሷም የገባት ቆይቶ ነው። «እግሬ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲሸከመኝ አመሰግናለሁ ያለው ሰው የለም» አለችው አንድ ምሽት። እሱም የጫማዋን ገበር በደነደነው ተረከዟ ልክ ቆርጦ፣ ስፌቱ የትም እንዳይነካት አድርጎ ሠራው።

የውድድሩ ቀን ዶሚቲላ የጭፈራውን መሐረብ አንሥታ ስትገባ፣ ተረከዟ ሲሚንቶውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ጫማ ካደረገው ወንድ አያንስም ነበር። ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንሱትን ሁሉ አስከትላ አንደኛ ወጣች። ኒካኖር አለቀሰ፤ አላፈረም።

የአሸናፊነት ሪባኗን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ውስጥ እግሯ ጠቁሮ መጣች። ጫማዋን የያዘው እሱ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ላጥልቅልሽ?» አላት።

ዊልመር ከሚስቱ ጋር ከኋላ ተቀምጦ ነበርና ሰማው። «ጫማ ለማጥለቅም ፈቃድ ይጠይቃል አቶ ተረከዝ!» አለ፤ ዙሪያው ሁሉ ሳቀ።

«ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ አጥልቅልኝ» አለች ዶሚቲላ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ፤ እግሯንም ኒካኖር ጉልበት ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ ዊልመር ዞረች። «አንተስ? ሚስትህን አንድ ቀን ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ሳቁ ቆመ። የዊልመር ሚስት ወንበሯ ላይ ዞር ብላ መልሱን መጠበቅ ጀመረች። ኒካኖር ሳይቸኩል ዘለበቱን ቆለፈና ሁለተኛውን ጫማ አነሣ።